ቴክስቱ ለአባት ደረሰ፣ የልጁ ቀጠሮ ግን አለፈ!

 

የዛሬው ጉዳያችን የመጣው ከወደ ደቡብ ወሎ፣ ከምዕራቡ ደጋ ነው። ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም የሚያደርሰውን መንገድ የተጓዘ ሰው ያገሩን ብርድ አይረሳውም። ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ካለች አንዲት ቀበሌ አንዲት እናት አራት ገጽ ሙሉ ደብዳቤ ጽፋልኛለች። መልስ ላዘጋጅላት ስል በሦስተኛው ሳምንት ከዚያው ቤት ሌላ ደብዳቤ መጣ። የባልየው! ሁለቱም ስማቸውና ቀበሌያቸው እንዳይጠቀስ ለምነውኛል፤ ደብዳቤያቸው ጎን ለጎን እንዲወጣ ግን ፈቅደዋል። በተቻለኝ አሳጥሬ እነሆ ብያለሁ። መጀመሪያ የእሷን።

«ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ጤና ይስጥልኝ። እኔ የ24 ዓመት ሴት ነኝ። እስከ 8ኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ከተጋባን አራት ዓመት ሆኖናል፤ ፈጣሪ ይመስገን፣ አንድ ወንድ ልጅ አለን። ልጄ እስከ ሦስት ወር ተኩሉ ድረስ አንድም ክትባት አልተጓደለበትም። በ45 ቀኑ፣ ከዚያም በየወሩ አዝዬው ጤና ኬላ ስመላለስ ኖሬያለሁ።

ዘጠኝ ወር ሲሞላው የኩፍኝ ይከተባል ስለተባለ ይዤው ሄድኩ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ‹ዛሬ የመጣው ሁለት ልጅ ብቻ ነው፤ ለሁለት ልጅ ብልቃጥ አልከፍትም። ሌሎቹ ሲሰባሰቡ ቀኑን በቴክስት እልክልሻለሁ› አለችኝ። እኔ ስልክ የለኝም። የባለቤቴን ቁጥር ሰጠኋት። የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ልጄን አዝዬ እንደሄድኩ ተመለስኩ። ቁጥርህን ሰጥቻለሁ ብዬ ለባለቤቴ አልነገርኩትም፤ ምን ክፋት አለው ብዬ።

አንድ ሳምንት ጠበቅሁ። ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። ‹ስልክህ ላይ የመጣ ነገር የለም ወይ?› ስለው ‹ምንም የለም› ይለኛል። በዚያ ሰሞን ደግሞ ፊቱ ጠቆረብኝ። ‹የት ነበርሽ? ከማን ጋር ነበርሽ?› ማለት አመጣ። የኑሮ ሐሳብ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። እኔው ሄጄ ልጠይቅ እንዳልል አጨዳው ደረሰ።

ከዚያ ልጄን ትኩሳት ያዘው። ዓይኑ ቀላ፣ አፍንጫው ፈሰሰ፣ በአራተኛው ቀን ሽፍታው ከፊቱ ጀምሮ ወደ ታች ወረደ። አማቴ ‹ኩፍኝ ነው፤ ከቤት አይውጣ፣ መርፌም እንዳይነካው› አሉ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ግን እምቢ ብዬ ሆስፒታል ወሰድኩት። ኩፍኙ ወደ ሳንባ ምች ተለውጧል ተባልኩ። ስምንት ቀን ተኛን። ፈጣሪ ማረልኝ፣ ዳነ።

ከዚያ በኋላ የጤና ኤክስቴንሽኗን ሳገኛት ‹ምነው ቀረሽ? ቴክስት ልኬልሽ ነበር እኮ!› አለችኝ። ስልኳን ከፍታ አሳየችኝ። እውነትም ልካለች፤ በባለቤቴ ቁጥር! መሬት ዞረብኝ። ቤት ገብቼ ‹አደራ በላ!› አልኩት። አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ልጄን አዝዬ አባቴ ቤት ገባሁ።

አሁን ሁለት ወሬ ነው። ልጁ 13 ወር ሆኖታል። በ15 ወሩ ሌላ የኩፍኝ ክትባት አለ ይሉኛል፤ ካርዱ ግን እሱ ቤት ሳጥን ውስጥ ነው። ሽማግሌ ልኮብኛል። ልመለስ ወይስ ልቅር? ደግሞስ ይሄ ቴክስት የሚሉት ነገር እንደኔ ላለችው ምን ይጠቅማታል?»

አሁን ደግሞ የባልየውን ስሙ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋዜጠኛ። እኔ መጻፍ ስለማልችል ይህን የሚጽፍልኝ የእህቴ ልጅ ነው። ሰዎች ‹ሚስትህ ለጋዜጣ ጽፋብሃለች› አሉኝ። ጽፋ ከሆነ የእኔም ይሰማልኝ።

ስልክ ያዝኩ እንጂ የማውቀው አረንጓዴውን ተጭኜ ‹ሀሎ› ማለት፣ ቀዩን ተጭኜ መዝጋት ነው። ቴክስት ሲመጣ ቴሌ ነው ብዬ እተወዋለሁ። ያን ቀን ግን ስልኬን ቻርጅ የሚያደርግልኝ ልጅ ‹አያ፣ ቴክስት ገብቶልሃል፤ ላንብብልህ?› አለኝ። በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው አለ። ቃሉ ይኸውና፦ ‹ሐሙስ ጠዋት ነይ። እንዳትቀሪ።› በቃ። ስም የለው፣ ከማን እንደሆነ አይል፣ ልጅ አይል፣ ክትባት አይል። ልጁ ሳቅ ብሎ ‹አያ፣ ይሄስ ላንተ አይመስልም› አለኝ። ደሜ ፈላ።

በእኔ ስልክ ሚስቴን ‹ነይ› የሚላት ማነው? እሷ ደግሞ በነጋታው ‹ስልክህ ላይ የመጣ ነገር የለም?› ብላ ጠየቀችኝ። በልቤ ‹አሃ! እየጠበቀች ነው› አልኩ። ‹ምንም የለም› አልኳት። ሐሙስ ጠዋት አጨዳዬን ትቼ ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩ። ወዴት እንደምትሄድ ላይ ብዬ ሳደባ ዋልኩ። የትም አልሄደችም። እኔ ለካስ ልጄ የሚከተብበትን ቀን ቁጭ ብዬ ነው የጠበቅሁት!

አሁን አገሩ ሁሉ አደራ በላ ይለኛል። ቁጥሬን ለጤና ኬላ መስጠቷን ማን ነገረኝ? ልጁ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ስምንቱንም ሌሊት ግቢው ውስጥ ነው ያደርኩት። ጠርጥሬሽ ነበር ብላት ትጠላኛለች፣ ማንበብ ስለማልችል ነው ብላት ትንቀኛለች ብዬ ዝም አልኩ። ምን ይሻለኛል?»

አያችሁልኝ ውድ አንባቢያን! የመጀመሪያውን ደብዳቤ ብቻ አንብቤ ቢሆን ኖሮ ይህን ሰውዬ እንዴት አድርጌ እንደምገስጸው ሐሳቤን ጨርሼ ነበር። ሁለተኛውን ሳነብ ግን ብዕሬን አስቀመጥኩ። እዚህ ቤት ውስጥ ክፉ ሰው ፈልጌ አጣሁ። የጤና ኤክስቴንሽኗ መላኩን ልካለች፤ የልጁን ስም ግን አልጻፈችም። እናቲቱ ቁጥሩን ሰጥታለች፤ ለባለ ቁጥሩ ግን አልነገረችውም። አባትየው ሰምቷል፤ ግን አልጠየቀም። በሦስት ሰው ዝምታ መካከል አንድ ሕፃን ለሞት ቀረበ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ቢሆንም ለጥያቄዋ ባዶ ማጽናኛ ብቻ እንዳልመልስ ጠያይቄና አንብቤ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ቴክስት ያስከትባል ወይ?

በቴክስት ወላጅን የማስታወስ ነገር በውጭው ዓለም ከተፈተነባቸው አንዱ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ነው። እኛ «ጉንፋን» ብለን የምናልፈው ሁሉ አንድ አይደለም። ተራው ጉንፋን አስነጥሶ፣ አፍንጫ አፍስሶ ይሄዳል። ኢንፍሉዌንዛ ግን በትኩሳት የሚጥል፣ ሕፃንና አረጋዊን ለሳንባ ምች የሚዳርግ ነው። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያቃጠልን «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ልማድ እኮ ከዚሁ በሽታ ጋር የተያያዘ ነው! በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ በኅዳር ወር አዲስ አበባን አጥቅቶ በሺህ የሚቆጠር ሰው ፈጀ። የያኔው አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነው የተረፉት። አያቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ያሉት እሱን ነው።

እንግዲህ ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ በፈረንጆቹ 2010/11 የክረምት ወራት ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ቤተሰቦች ልጆች ላይ ጥናት ተደረገ። ከ9 ሺህ በላይ ልጆችና ወጣቶች ነበሩበት። ለአንደኛው ወገን ወላጆች እስከ 5 ቴክስት ተላከላቸው፤ ስለ በሽታው ትምህርት የሚሰጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ክሊኒክ መኖሩን የሚናገር። ቴክስት ካልተላከላቸው ወገን 39.9 በመቶው ሲከተቡ ከተላከላቸው 43.6 በመቶው ተከተቡ። ልዩነት አለ፤ ግን ትንሽ ነው።

በእኛ አገር የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ለሕፃናት በነፃ ከሚሰጡት መደበኛ ክትባቶች ውስጥ የለም። ቴክስቱ ግን ለሌሎቹ ክትባቶች እዚሁ ክልላችን ውስጥ ተሞክሯል። ጎንደር ከተማ 434 እናቶች ከነሕፃናቶቻቸው የተካተቱበት ጥናት ተደርጎ ውጤቱ በ2013 ዓ.ም. ታትሟል። ለግማሾቹ ከቀጠሯቸው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቴክስት ይላክላቸዋል፤ ለግማሾቹ እንደ ወትሮው በካርድ ብቻ። ቴክስት ካልተላከላቸው ሙሉ ክትባቱን ያገኙት 70.9 በመቶ ሲሆኑ ከተላከላቸው 82.6 በመቶ ሆኑ። ሁሉንም ሳያሳልፉ በየቀኑ ያስከተቡት ደግሞ ከ39.0 በመቶ ወደ 63.3 በመቶ ዘለሉ!

ይህ ቁጥር ቀላል አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ጨርሰው የተገኙት 43 በመቶ ብቻ ነበሩ። ማለትም ከግማሽ በታች!

እኔ እንደገባኝ ከሆነ የጎንደሮቹ እናቶች አስቀድመው ልጃቸውን ማስከተብ የሚፈልጉ ናቸው። ቴክስቱ ያደረገው ማስታወስ ነው። የሥራው ብዛት፣ ለቅሶው፣ ሰርጉ፣ ገበያው ቀኑን ሲያስረሳ «ነገ ነው!» የሚል ጎረቤት ሆኖላቸዋል። ስለዚህ እህቴ፣ «ቴክስት ለእንደኔ ዓይነቷ ምን ይጠቅማል?» ላልሽው መልሴ ይጠቅማል ነው። አንቺም የሚያስከትብሽ ሳይሆን ቀኑን የሚነግርሽ ብቻ ነበር ያጣሽው። ግን ቴክስቱ የሚጠቅመው አንቺ ጆሮ ሲደርስ ነው።

ብልቃጡ ለምን አልተከፈተም?

ይህችን ነገር ብዙ እናቶች ስለማያውቋት በጤና ኤክስቴንሽኖች ይቀየማሉ። ጤና ኬላ የሚመጣው የኩፍኝ ክትባት ዱቄት ነው፤ በውኃው ተበጥብጦ ነው የሚሰጠው። አንዱ ብልቃጥ አብዛኛውን ጊዜ ለአሥር ልጅ የሚሆን ነው። አንዴ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይደፋል። ሁለት ልጅ ሲመጣ ከፍታ ስምንቱን ብትደፋው ነገ ለሚመጣው ከየት ታመጣለች? ስለዚህ ልጆች በአንድ ቀን እንዲሰባሰቡ ትቀጥራለች። በእርግጥ አንድ ሰዓት ተኩል አዝላ የመጣችን እናት ባዶ እጇን መመለስ ከባድ ነው፤ የተመለሰች እናት ሁለተኛ ላትመጣም ትችላለች። የተገኘውን ልጅ ሳይከተብ አለመሸኘት ይሻላል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ።

ያም ሆነ ይህ፣ እንዲህ ባለው አገር ቴክስት ከከተማው የበለጠ ሥራ ሊሠራ የሚችለው ለዚህ ነው። ለከተማዋ እናት ቀጠሮዋ ካርዷ ላይ ተጽፏል፤ ቴክስቱ ማስታወሻ ብቻ ነው። ለዚች እናት ግን ቀጠሮው ራሱ ያለው ቴክስቱ ውስጥ ነበር። ቴክስቱ ሲጠፋ ቀኑም አብሮ ጠፋ።

ደግሞ ቴክስት ኢንተርኔት አይፈልግም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ሲቆጠር ያየነው ነው። ተራ ስልክ ያለው፣ ዳታ የማያውቅ ገበሬም ቴክስት ይገባለታል። ኔትዎርክ ከጠፋ ግን እሱም የለም። ስለዚህ ካርዱን ትታችሁ በቴክስት ብቻ አትመኩ።

ስልኩ በማን ኪስ ነው? ፊደሉስ በማን ዓይን?

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ተመሳሳይ አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ፣ ከወንዶቹ ደግሞ 69 በመቶ ነበሩ። ይህን ያየ ሰው «ለአባትየው ይላክ፣ አንብቦ ይነግራታል» ሊል ይችላል። በዚህ ቤት ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። ፊደል የቆጠረችው እሷ፣ ስልክ የያዘው እሱ!

ማንበብ ለማይችል ሰው ድምፅ ይሻለዋል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ስልክ በደወልን ቁጥር በጥሪው ፋንታ «እጃችሁን ታጠቡ» የሚለውን ምክር ስንሰማ አልነበረም? የተማረውም ያልተማረውም ሰምቶታል። ገበሬውም ቢሆን በ2006 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የ8028 መስመር ደውሎ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ በድምፅ ሲነገረው ቆይቷል። ለገብስና ለጤፍ የተቻለ ነገር ለልጅ ክትባት እንዴት ያቅታል? ያ እስኪሆን ድረስ ቴክስት ልኮ መልስ ላጣ ሰው የአንድ ደቂቃ ደውሎ «ደረሳችሁ?» ማለት ብዙ ነገር ያድናል።

ለጤና ኤክስቴንሽኗ እህታችን

አንቺን ለመውቀስ አይደለም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ በአማካይ አምስት ሺህ ለሚሆን ሕዝብ ቤት ለቤት ስትንከራተቱ የኖራችሁ ናችሁ። ያን ቴክስት የላክሽው ምናልባት ከኪስሽ በሞላሽው ካርድ ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ጽፈሽ ለብዙ እናቶች በአንዴ ሰደሽውም ይሆናል። ግን «ነይ» የምትል አንዲት ቃል በባል ስልክ ላይ ስትገባ ምን እንደምታመጣ አየሽ! እስቲ በሚቀጥለው እንዲህ ይሁን፦

«ከጤና ኬላ ነው። ልጃችሁ እገሌ ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት የኩፍኝ ክትባት አለው። ካርዱን ይዛችሁ ኑ።»

አየሽ፣ ከማን እንደሆነ አለ፤ የልጁ ስም አለ፤ ቀኑና ሰዓቱ አለ፤ የሚከተበውም አለ። «ኑ» ስለሚል ደግሞ አባትም ቢያነበው፣ እናትም ብታነበው፣ ቻርጅ የሚያደርገው ልጅም ቢያነበው ሰው የሚጠረጥረው ነገር የለም። ቁጥር ስትቀበዪም «የማን ነው? ማንበብ ይችላል? መላኩን ያውቃል?» ብለሽ ጠይቂ። ማንበብ የማይችል ከሆነ የሚያነብለት የጎረቤት ወይም የተማሪ ቁጥር ጨምሪበት።

ለአንተ ወንድሜ

አባቶች «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር» ይላሉ። መጠርጠርህን አልፈርድብህም። ግን የጠረጠረ ሰው ገንፎውን ይፈትሻል እንጂ ጎረቤት ሳቀብኝ ብሎ አፉን ዘግቶ አይቀመጥም። በዚያው ቁጥር መልሰህ ብትደውል «ሀሎ፣ ጤና ኬላ ነው» የሚል ድምፅ ትሰማ ነበር። አረንጓዴውን መጫን ትችላለህ እኮ!

ማንበብ አለመቻል ወንጀል አይደለም፤ ያላስተማረህ ዘመንህ ነው። የሚያሳፍረው አለማንበብህን ለመደበቅ ስትል ልጅህን የሚመለከት ነገር ተደብቆ ሲቀር ነው። ከዛሬ ጀምሮ ስልክህ ላይ የሚገባው ቴክስት ሁሉ የቴሌ አይደለም ብለህ አስብ። ማታ ቤት ስትገባ ስልክህን ለሚስትህ ስጣትና ታንብብልህ። ለሌላ ሰው የሚነበብ ምስጢር ለሚስትህ የማይነበብበት ምክንያት የለም።

አሁን ደግሞ ሽማግሌ ከመላክ አስቀድመህ አንተው ራስህ ካርዱን ከሳጥን አውጥተህ፣ በእጅህ ይዘህ አማቶችህ ቤት ሂድ። «ጠርጥሬሽ ነበር፤ አጥፍቻለሁ። ማንበብም አልችልም» በላት። ለእኔ የጻፍከውን ለእሷ ንገራት። ግቢ ውስጥ ያደርካቸውን ስምንት ሌሊቶች ጭምር። እሷ ይህን አታውቅም።

ለአንቺ እህቴ

በመጀመሪያ የልጁ። መታረቁም መቅረቱም ከዚህ በኋላ ይደርሳል። 15 ወር እስኪሞላው አትጠብቂ። ያመለጠውን ክትባት አሁኑኑ ውሰጂውና የሁለተኛውን ቀን እዚያው ያስቀምጡልሽ፤ በሁለቱ መካከል ቢያንስ አራት ሳምንት ይኖራል። «ኩፍኝ ወጥቶለታል፣ ከእንግዲህ ምን ያደርግለታል?» የሚሉሽን አትስሚ፤ ክትባቱ አይጎዳውም፣ ባለሙያዎቹም እንዲሰጥ ነው የሚመክሩት። በዘጠኝ ወር የሚሰጠው የመጀመሪያው ክትባት ብቻውን ሁሉንም ልጅ አይጠብቅም፤ የ15 ወሩ ከየካቲት 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የተጨመረው ለዚህ ነው። ካርዱ እጅሽ ላይ የለም ብለሽ አትቅሪ። ጤና ኬላው መዝገብ አለው፤ አባትሽ ቀበሌ ያለው ጤና ኬላም ይከትባል።

አማትሽ «መርፌ አይነካው» ያሉት ለልጁ ክፉ ተመኝተው አይደለም፤ ድሮ ሲባል የሰሙትን ነው። አንቺ ግን ትንፋሹን አይተሽ እምቢ ማለትሽ ልጅሽን አዳነው። ይህን ሌሎች እናቶችም ስሙኝ፦ ኩፍኝ የያዘው ልጅ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ መጥባት ካቃተው፣ ተቅማጥ ካዳከመው ወይም ዓይኑ ከታመመ ቀን አይሰጥም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ኩፍኝ ሳንባን ብቻ ሳይሆን ዓይንንም ያጠፋል። ለዚህም ነው በሽታው የያዘው ልጅ ቫይታሚን ኤ የሚሰጠው። ተላላፊነቱም ለጉድ ነው፤ አንድ በሽተኛ ክትባት ባልደረሰበት ሰፈር ከ12 እስከ 18 ለሚደርስ ሰው ያስተላልፋል። አንቺ ልጅሽን ስታስከትቢ የጎረቤትሽንም ልጅ እየጠበቅሽ ነው።

ስለ ባልሽ ደግሞ… «አደራ በላ» ከባድ ቃል ናት። አደራ የሚበላ ሰው አደራ መቀበሉን ያወቀ ሰው ነው። እሱ አላወቀም። አንቺም ቁጥሩን ስትሰጪ አንድ ቃል ብትነግሪው ኖሮ ያ ሐሙስ እንዲያ ሆኖ አይውልም ነበር። ሚስቱን መጠርጠሩ ቂም ቢያስይዝሽ አልፈርድብሽም፤ ይቅርታውን ከራሱ አፍ ስሚ፤ ከሽማግሌ አፍ አይበቃም። ሁለተኛ እንዲህ እንደማይጠረጥርሽ ቃሉን ከሰጠሽ ግን እኔ ብሆን እመለስ ነበር። እሱ ስልክ አለው፣ አንቺ ፊደል አለሽ። በሁለት ቤት ተለያይታችሁ ሳላችሁ የሚቀጥለው ቴክስት ሲመጣ አሁንም የሚያነበው አይኖርም።

ለሁላችንም

ሕፃን ልጅ ያላችሁ ወላጆች ሁሉ፣ ይህን ቆርጣችሁ ግድግዳ ላይ ብትለጥፉት ደስ ይለኛል፦

መደበኛው ቀጠሮ ሲወለድ፣ በ45 ቀን አካባቢ (6 ሳምንት)፣ በ10 ሳምንት፣ በ14 ሳምንት፣ በ9 ወርና በ15 ወር ነው። ሁሉም በነፃ ነው። ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ የልጅነት ልምሻን፣ ከባድ የሳንባ ምችን፣ ከባድ ተቅማጥንና ኩፍኝን የሚከላከሉት እነዚህ ናቸው።

ቀኑ አለፈ ብላችሁ አትተዉ። የተጀመረው ከቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደገና ከአንድ አይጀመርም። ዘግይቶ የመጣን የሚቆጣ ባለሙያ ቢኖር እንኳ ቁጣው ከኩፍኝ ይሻላል።

ቀላል ጉንፋን ወይም ትንሽ ማስነጠስ ክትባት አያስቀርም። ከተከተበ በኋላ ትንሽ ቢያተኩሰውም የሚጠበቅ ነው፤ ትኩሳቱ ከበረታ ወይም ካልለቀቀው ግን ለባለሙያ አሳዩት።

ስልክ ቁጥራችሁ ሲቀየር ለጤና ኬላው ንገሩ። የሌላ ሰው ቁጥር ስትሰጡ ለባለ ቁጥሩ ንገሩት። የሌላ ሰው ቴክስት በስልካችሁ ከገባ ደግሞ በዚያው ዕለት አድርሱ። ስልክ ቻርጅ የምታደርጉ ልጆችም አደራ! የሰው ቴክስት አንብባችሁ አትሳቁ። «ደውልና አጣራ» በሉት።

ባልና ሚስቱ ምን ላይ እንደደረሱ ሲጽፉልኝ አሳውቃችኋለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ የምጠብቀው ግን ልጁ ተከተበ የሚለውን ነው።

እስከ ሳምንት ቸር ይግጠመን!